ስሙ በአምራቹ የሚሞላ

ዕቃን በትውልድ አገሩ መመዘን በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ሬዲዮኑን የጀርመን፣ የእጅ ሰዓቱን የስዊስ፣ መኪናውን የጃፓን ብሎ ለማስተዋወቅ ያልታደለ ባለንብረት፣ ዕቃው ሌት ተቀን ያለ እንከን ቢያገለግለው እንኳ፣ በሰው መካከል ስለ ንብረቱ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመልሰው። የእኅቴ ልጅ ከዱባይ ስትመለስ ያመጣችልኝን ላፕቶፕ ለማየት የተሰበሰቡት ጎረቤቶቼ «የማን ሥራ ናት?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፣ እኔም ክዳኗን ከፍቼ፣ ሆዷን ገልብጬ፣ የቻርጀሯን ጀርባ በመነጽር መርምሬ አንዳች የአምራች ስም ባጣ፣ «ፀባይዋ ደኅና ነው» የሚል ምስክርነት ብቻ ሰጥቼ ወሬውን ወደ ቡናው መለስኩት።

እንደ እውነቱ ከሆነ ፀባይዋም ቢሆን ደኅና አልነበረም። ከወገቧ ተላቅቃ ስክሪኗ ለብቻው ታብሌት፣ ኪቦርዷ ለብቻው ትርፍ ዕቃ የምትሆን፣ 2 ጊጋባይት ሚሞሪና 32 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ የተሰጣት፣ ከርካሽነቷ በቀር ሌላ ማዕረግ ያልተነገረላት ፍጥረት ነበረች። አብሯት የመጣው የኮምፒዩተር ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) በየጊዜው «ልታደስ» እያለ ይወተውታል፤ ለመታደስ ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ ያለውን ቦታ ሁሉ ይዞ የተቀመጠው ደግሞ እርሱው ራሱ ነው። ፎቶግራፎቼን አጠፋሁለት፤ መዝሙሮቼን ወደ ፍላሽ አሸሸሁለት፤ እርሱ ግን በለቀቅሁለት ቦታ ሁሉ ከተንሰራፋ በኋላ መልሶ «ጠበበኝ» ይለኛል። በመጨረሻ በውስጧ ከሥርዓቱ በቀር ሌላ ነገር ሳይኖር፣ ሥርዓቱም አንዳች ሥራ ሳይሠራ፣ እኔና እርሱ ፊት ለፊት ተፋጠን ቀረን።

በሰፈራችን ያለው የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ለማንኛውም ደዌ የሚያዝዘው አንድ መድኃኒት ነው፤ እርሱም ፎርማት ማድረግ ይባላል። ባለሙያው ወጣት ላፕቶፗን በአንድ እጁ አንሥቶ መዘናትና፣ «ጋሼ፣ ፎርማት እናድርግልዎትና ያንኑ መልሰን እንጫንባት» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ታናሽ ወንድም ግን ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ፣ «ሊኑክስ ይሞክሩ ጋሼ፤ ነጻ ነው» አለኝ። ነጻ መሆኑ ልቤን ብዙም አልነካውም፤ ምክንያቱም በዚያው ጥገና ቤት፣ በውጭ አገር ብዙ ዶላር የሚያወጣው ሶፍትዌር ሁሉ በፍላሽ ተገልብጦ ከአንድ ምሳ ባነሰ ዋጋ ስለሚታደል፣ የሰፈራችን ሰው ለሶፍትዌር መክፈልን የሚያውቀው በወሬ ነው። ይህንኑ ብነግረው ልጁ ፈገግ ብሎ፣ «ያ የተሰረቀ ነው ጋሼ፤ ይኼ ግን የተሰጠ ነው» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

የተሰጠ ከሆነ ማን ሰጠው ብዬ ነገሩን ከሥሩ ብጠይቅ፣ ታሪኩ የሚነሣው ወረቀት ከሚነክስ ፕሪንተር ሆኖ አገኘሁት። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ የቀድሞው ፕሪንተር ወረቀት በነከሰ ጊዜ ለሚጠባበቁት ሁሉ የሚያስታውቅ ፕሮግራም ጽፎ ነበርና፣ አዲስ ፕሪንተር ሲመጣ ለእርሱም ያንኑ ሊሠራ የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ ቢለምን፣ ምንጩ በእጁ የነበረው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ለማንም እንዳይሰጥ ቃል መግባቱን ነግሮ አሰናበተው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ክዳኑን በጥፊ ማለት የተለመደ ነው፤ ስቶልማን ግን ቂሙን በልቡ አሳድሮ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983፣ ማንም ሰው እንደ ፈቃዱ የሚጠቀምበት፣ ውስጡን የሚመረምረው፣ የሚያርመውና ለባልንጀራው የሚያካፍለው ሙሉ ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ዐወጀ። ስሙንም ግኑ አለው። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ሊኑክስ የተባለውን፣ የሥርዓት ሁሉ እምብርት የሆነውን ከርነል መጻፍ ጀመረ፤ ለጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ለትልቅ ነገር የማይሆን መሆኑንም አስታወቀ። ያ ለትልቅ ነገር የማይሆነው ነገር ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በዓለም በፍጥነታቸው ተመዝግበው በተቀመጡት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ነግሦአል፤ አንድሮይድ የሚባሉት ስልኮችም በሆዳቸው የተሸከሙት ይህንኑ ከርነል ነው። ስለዚህ የጥገና ቤቱ ወጣት «ሊኑክስ ለተራ ሰው አይሆንም» ብሎ ሲመክረኝ፣ በዚያው ሰዓት በእጁ ይዞ የሰው ጥሪ ይመልስበት የነበረው ስልክ ሊኑክስ ነበር።

የዚህ ሥርዓት አንዱ ትሕትናው ነባሩን ሳያፈናቅል ራሱን ማሳየት መቻሉ ነው። በፍላሽ ላይ ተጽፎ፣ በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሳይነካ፣ ከዚያው ከፍላሹ ተነሥቶ ይሠራል፤ የወደደው ይጭነዋል፣ ያልወደደው ፍላሹን ነቅሎ ያሰናብተዋል። ልጁ ከታወቁት የሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን በፍላሽ ይዞልኝ መጣና ሰካነው፤ አበራናት፤ እርስዋ ግን ፍላሹን እንዳላየች ሆና አለፈችው። ምክንያቱ ሲመረመር እንዲህ ሆነ፦ ፕሮሰሰሯ 64 ቢት ሲሆን፣ መሣሪያው ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ፈርምዌር ግን 32 ቢት ሆኖ ተሠርቷል፤ ስለዚህ በ64 ቢት የተጻፈውን የመነሻ ፋይል ፈርምዌሩ ሊያነበው አይችልም፤ በ32 ቢት የተጻፈውን ደግሞ የፍላሹ አዘጋጆች በዚህ ዘመን ፈላጊ የለውም ብለው ትተውታል። ነገር ግን እንደ እርስዋ ያሉ ቅይጥ ፍጥረታት በዓለም ገበያ በብዛት ፈስሰው ኖሮ፣ ከርነሉ ከ2014 ጀምሮ 64 ቢቱ ከ32 ቢቱ ፈርምዌር ጋር ተግባብቶ እንዲነሣ ተስተካክሎላቸዋል፤ ዴቢያን የተባለው ሥርዓትም በ2015 ባወጣው እትሙ ሁለቱንም አጣምሮ የሚይዝ መጫኛ አዘጋጅቶላቸዋል። እኛም ወደ ዴቢያን ዞርን።

ዴቢያን ተነሣ፤ የተነሣው ግን በጎኑ ነበር። ጽሑፉ ሁሉ ከስክሪኑ ራስጌ እስከ ግርጌ ተጋድሞ ይወርዳል እንጂ በወጉ አይነበብም። ማንበብ ግድ ስለ ሆነብኝ በሶፋው ላይ በጎኔ ተጋድሜ፣ አንገቴን ጠምዝዤ፣ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ ስመለከት፣ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ምች የመታኝ መስሏት ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ወጣች። የነገሩ ምሥጢር ይህ ነው፦ በርካሽ የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች ስክሪናቸው ለታብሌት ተብሎ የተሠራ፣ በተፈጥሮው ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ነው፤ ባለፋብሪካው አጋድሞ ይገጥመዋል፤ ማጋደሙንም አብሮ ለሚሸጠው ሥርዓት ብቻ በምሥጢር አስታውቆ ሌላውን ሁሉ በዝምታ ያልፈዋል። በከርነሉ የመነሻ ትእዛዝ ላይ «ስክሪኑን አዙር» የሚል አንድ ሐረግ በጨመርንበት ጊዜ ጽሑፉ ቀና አለ፤ እኔም ቀና አልኩ፤ የተቀጠፈው ዳማከሴ ግን ሳልጠጣው አልቀረም።

ስክሪኑ ቢቃናም የጣት ንክኪን ከቶ አይሰማም ነበር። የንክኪ መቆጣጠሪያው ቺፕ በራሱ ውስጥ አንዳች ዕውቀት የማያሳድር ሆኖ፣ በበራ ቁጥር ማንነቱንና የስክሪኑን ወርድና ቁመት የሚያስተምረው ፋይል ከውጭ እንዲመጣለት ይጠብቃል፤ አንዱ ዓይነት ቺፕም በየላፕቶፑ የተለየ ፋይል ይሻል፤ ያም ፋይል አብሮ ከመጣው ሥርዓት ድራይቨር ውስጥ ተፈልፍሎ ካልወጣ በቀር በቀላሉ አይገኝም። እንግዲህ የጥገና ቤቱን ምክር ሰምተን በመጀመሪያው ቀን ፎርማት አድርገናት ቢሆን ኖሮ፣ የጣት ስሜቷም ከአሮጌው ሥርዓት ጋር አብሮ በተቀበረ ነበር። ፋይሉ ወጥቶ በተሰጣት ጊዜ ስሜቷ ተመለሰላት፤ ግራዋንና ቀኝዋን ግን ገና አልለየችም። በቀኝ ስነካ በግራ ይከፈታል፤ ከላይ የጠራሁት ከታች «አቤት» ይላል፤ ደብዳቤ ልከፍት ብዬ የነካኋት እንደ ሆነ እርስዋው ራስዋ ትጠፋለች። ይህም በአንድ የማስተካከያ መስመር ታረመ።

የዋይፋዩ ነገር ደግሞ ለፈላስፋ የሚሆን ነበር። ዋይፋዩን ለማሠራት ፈርምዌሩን ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል፤ ወደ ኢንተርኔት ለመግባት ዋይፋይ ያስፈልጋል። ዴቢያን ምንጩ ያልተገለጠ ፈርምዌር ከነጻው ጋር እንዳይቀላቀል በጥብቅ ሲጠብቅ የኖረ ሥርዓት ነውና፣ እንዲህ ያለው በዋናው መጫኛ ውስጥ የገባው በ2023 ባወጣው እትሙ ሲሆን፣ የእኛ ፍላሽ ከዚያ በፊት የወጣውን የያዘ ነበር። ልጁ ስልኩን በቻርጀር ገመድ ከላፕቶፗ ጋር አያይዞ በሞባይል ዳታ ችግሩን ፈታው፤ የዳታው ሒሳብ ግን በእኔ ላይ ተጻፈ።

በየመካከሉ ከዓለም ዙሪያ የሚገኘው ምክር እንዴት ያለ እንደ ሆነ ሳልናገር ባልፍ ሊቃውንቱን መበደል ይሆንብኛል። ድምፅ ከጆሮ ማዳመጫው በቀር በስፒከሩ አልሰማ ስላለን መድኃኒት ብንፈልግ፣ አንድም ከርነሉን አድሱት፤ አንድም ከርነሉን አታድሱት፣ ያበላሸው እድሳቱ ነውና፤ አንድም ድምፁ በግራ በኩል ብቻ ተከፍቶ ይሆናልና ወደ ቀኝ መልሱት፤ አንድም ስፒከሩ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ ሁለት መስሎት ይሆናል፤ አንድም ሌላ ላፕቶፕ ግዙ የሚል ትርጓሜ ተደርድሮ አገኘን። የሚያስደንቀው፣ ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ለአንዳንዱ ሰው እውነት ሆነው መገኘታቸው ነው። ለእኛ እውነት የሆነው አራተኛው ነበር።

የእነዚህ ሁሉ መድኃኒቶች መክፈቻ ግን ስም ነው፤ መካሪ ሁሉ ገና ከሰላምታው ሳይወጣ «የላፕቶፑ ሞዴል ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃልና። ልጁ መሣሪያዋ ስለ ራስዋ የምትናገረውን የሚያስነብብ ትእዛዝ ጻፈላት። አምራች ብላ «በአምራቹ የሚሞላ» አለች፤ ሞዴል ብላ «በአምራቹ የሚሞላ» አለች፤ ተከታታይ ቁጥር ብላ ያንኑ ደገመች። ፈርምዌሩ ለፋብሪካዎች ሲሰጥ ባዶ ቅጽ አብሮት ይሰጣል፤ ፋብሪካው ስሙን ሊጽፍበት ይገባ ነበር፤ ለሽያጭ ሲጣደፍ ግን ቅጹን እንዳለ ልኮታል። ለጥምቀት ቀርቦ ካህኑ «ስመ ክርስትናው ማን ይባል?» ሲሉ ወላጆቹ «በኋላ እናስብበታለን» ብለው ይዘውት የሄዱት ሕፃን ቢኖር ከዚህች የተለየ አይሆንም። የሚብሰው ደግሞ፣ በዚህ ስም የምትጠራው በዓለም ላይ እርስዋ ብቻ አለመሆኗ ነው፤ የየፋብሪካው ጥድፊያ አንድ ነውና የስሙ ሞክሼ ብዙ ነው።

የከርነሉ ጸሐፊዎች እነዚህን ስም የለሾች እንዴት እንደ ተቀበሏቸው ስሰማ ግን ቀልዱን ትቼ ባርኔጣዬን አነሣሁ። በከርነሉ ምንጭ ጽሑፍ ውስጥ፣ እንዲህ ያሉ እንግዳ መሣሪያዎች አንድ በአንድ የተመዘገቡባቸው ሰንጠረዦች አሉ፦ ይህ ስክሪኑ የተጋደመ ነው፣ ይህ ንክኪው የተገለበጠ ነው፣ የዚህ ስፒከር አንድ ብቻ ነው ይላሉ። ስሙ የታወቀው በስሙ ይጻፋል፤ ስሙ «በአምራቹ የሚሞላ» ወይም ይህን የመሰለ የሆነበት ግን የፈርምዌሩ ቀን ተመርምሮ በቀኑ ይታወቃል፤ በአጠገቡም ስሙ ከሌላው ስለማይለይ ቀኑን ማየት ማስፈለጉን የሚገልጽ ማስታወሻ ተጽፎበታል። ከእነዚህ መዝገቦች ብዙውን የጻፈው ሐንስ ደ ጉዴ የተባለ የሆላንድ ሰው ሲሆን፣ ሬድ ሃት በተባለው ኩባንያ መሐንዲስ ሆኖ በሚሠራበት ዘመን፣ ሌላው ንቆ የተዋቸውን እነዚህን ርካሽ ታብሌቶችና ላፕቶፖች በትርፍ ጊዜው ጭምር ሲያቀና ኖሯል። አንድ ሰው የሌለ ስምን በልደት ቀን ተክቶ፣ አይቶት የማያውቀው የአዲስ አበባ ሽማግሌ አንገቱን ሳይጠመዝዝ እንዲያነብ መትጋቱ፣ በእኔ ግምት ከብዙ የታተመ ስብከት ይበልጣል።

ላፕቶፗ ቀና ብላ በሠራች ጊዜ መጀመሪያ የጻፍኩባት የራሴን ስም በአማርኛ ነው። ፊደላችን በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ስፍራ ካገኘ ወዲህ በማንኛውም ሥርዓት ለመጻፍ መንገዱ የተጠረገ ሲሆን፣ በሊኑክስም የአማርኛ ኪቦርድ አብሮ ይመጣል፤ አቢሲኒካ የተባለው መልከ መልካም የፊደል ቅርጽም በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ሥርዓቱን ወደ አማርኛ ስንመልሰው ቀኖቹን እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ብሎ በሚገባ ቆጠረልኝ፤ ወር ላይ ሲደርስ ግን «ጃንዩወሪ» ብሎ በግእዝ ፊደል የፈረንጅ ወር አነበበልኝ። «ይኼን ማን ይሰማዋል? አቤት የሚባለውስ ወዴት ነው?» ብዬ ብቆጣ ልጁ፣ «አቤት የሚባልበት የለም ጋሼ፤ ከፈለጉ ግን ራስዎ አርመው መላክ ይችላሉ» አለኝ።

በዚህ መልስ ላይ ብዙ አሰላስያለሁ። እኛ አቤት ባይ ሕዝብ ነን፤ ችግር ሲደርስብን መጀመሪያ የምንፈልገው መፍትሔውን ሳይሆን ቆሞ የሚሰማንን ሹም ነው። ተዘግቶ የሚሸጠው ሶፍትዌር ለዚህ ጠባያችን የተመቸ ነው፤ ባለቤት አለውና ይወቀሳል፤ ወቀሳችንን በትሕትና ተቀብሎ «ስለ ደረሰብዎ ችግር እናዝናለን» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ገመናው የተዘጋ ስለ ሆነ እርሱ ካላረመው ሌላ ሊያርመው አይችልም። ነጻው ሥርዓት ግን ገና በፈቃዱ ላይ በታላላቅ ፊደላት አንዳች ዋስትና የማይሰጥ መሆኑን ያስታውቃል፤ ቢሠራልህ እሰየው፣ ባይሠራልህ ማንንም አትከስም ይላል፤ ይህን ካለ በኋላ ደግሞ የውስጡን ሁሉ ገልጦ ከፊትህ ያኖረዋል። ባጭሩ አቤቱታ የሚቀበል የለም፤ እርማት የሚቀበል ግን አለ። ከሁለቱ የትኛው ለጤና እንደሚስማማ እንደየሰው ጠባይ ነው፤ በኔ በኩል ግን፣ ከምታዝንልኝ ዝግ በር ይልቅ የማታዝንልኝን ክፍት በር መርጫለሁ።

ለማንም ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ይግባበት ብዬ ግን አልመክርም። ላፕቶፗ ዛሬም ካሜራዋ አይሠራም፤ ወደ ዱባይ የተመለሰችው የእኅቴ ልጅ ስትደውል እኔ አያታለሁ፣ እርስዋ ግን ጥቁር ስክሪን አይታ «ጋሼ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» ትለኛለች። የባትሪዋም ንባብ አይታመንም፤ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ሙሉ ነኝ ብላ ታወራና በዐረፍተ ነገር መካከል ጥላኝ ትሞታለች። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ አሮጌው ሥርዓት ለራሱ ብቻ ይዞት የነበረው 32 ጊጋባይት ዛሬ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው፤ መዝሙሮቼም ከስደት ተመልሰዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ስም የለሽ ላፕቶፕ ተኝታ እንደ ሆነ ከመጣልህ በፊት አንድ ፍላሽ አባክንባት። አስቀድመህ አብሯት የመጣውን ሥርዓት ድራይቨሮች ገልብጠህ አስቀምጥ፤ ከዚያ ሳትጭን ከፍላሹ ላይ ሞክራት፤ ስክሪኑን፣ ንክኪውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን በየተራ ፈትን። መድኃኒቱን ያገኘህ እንደ ሆነ ደግሞ «ለኔ ሠርቶልኛል» ብለህ ዝም አትበል፤ ምን እንደ ታመመችና በምን እንደ ዳነች ከፈርምዌሯ ቀን ጋር ጽፈህ ለሥርዓቱ ጸሐፊዎች ላክላቸው። የላፕቶፕህን እኅት የገዛ ሌላ ሰው በሌላ አገር አንገቱን ጠምዝዞ ተኝቷልና።